በሐዋሳ የአእምሮ ጤና ጥናት ለምትሠሩ ተማሪዎች፦ መጠይቅ፣ ካርድ፣ ቃለ መጠይቅ ወይስ ሥነ ቃል?

የጥናት ዘዴ ከመምረጣችሁ በፊት በውጤት ምዕራፉ ላይ ልትጽፉት የምትፈልጉትን አንድ ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ አስፍሩ። «በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከሚሠሩ ሴቶች መካከል ከመቶ ይህን ያህሉ የድባቴ ምልክት አላቸው» የሚል ከሆነ መጠይቅ ያስፈልጋችኋል። «ባለፉት ሦስት ዓመታት ወደ ሥነ አእምሮ ክሊኒኩ ከመጡት ውስጥ ክትትል ያቋረጡት እነዚህ ናቸው» ከሆነ መልሱ ካርድ ክፍል ነው። «ልጇን መጀመሪያ ጸበል፣ ከዚያ ሆስፒታል የወሰደች እናት ውሳኔው ላይ እንዴት ደረሰች?» ለሚለው ቃለ መጠይቅ፣ «ሙሾ ሐዘንን ከሕመም የሚለየው በምን ቃል ነው?» ለሚለው ደግሞ ሥነ ቃል። በየዓመቱ የምናየው ግን ተገላቢጦሹ ነው። ተማሪው ካለፈው ዓመት ተመራቂ ፕሮፖዛል ላይ ዘዴውን ይገለብጥና ጥያቄውን በኋላ ከዘዴው ጋር ያስማማል። ውጤቱም ማንም ያልጠየቀውን የሚመልስ መቶ ገጽ ይሆናል።

መጠይቅ

ብዙው ተማሪ የሚመርጠው ይህንን ነው፤ ምክንያቱም ስሌቱ የታወቀ ነው፣ ኤስፒኤስኤስ በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ ሠንጠረዡ ቶሎ ይወጣል፣ ፈታኞችም ለምደውታል። የናሙናው ቀመር 95 በመቶ እርግጠኝነት፣ 5 በመቶ ስህተትና 50 በመቶ ግምት ሲሰጠው 385 ያወጣል። መልስ የማይሰጡትን ለማካካስ ሁሉም በ1.1 አባዝቶ 424 ይጽፋል። ይህ ትንሽ ስህተት አለበት። ከ424ቱ 10 በመቶው እምቢ ቢሉ የሚቀሩት 382 ገደማ ናቸው፤ ከ385 በታች። ትክክለኛው 385ን ለ0.9 ማካፈል ነው፤ 428 ይሆናል። የምታጠኑት ሕዝብ ትንሽ ከሆነ፣ ለምሳሌ በአንድ ኮሌጅ ያሉ 600 ተማሪዎች ከሆኑ፣ ማስተካከያው ቁጥሩን ወደ 235 ያወርደዋል፤ ለ0.9 ሲካፈል 262። በተቃራኒው ከክፍለ ከተማ ወደ ቀበሌ፣ ከቀበሌ ወደ ቤት እየወረዳችሁ የምትመርጡ ከሆነ 385ን በ1.5 ወይም በ2 ማባዛት ግድ ነው። በ1.5 ሲባዛ 578 ይሆናል፣ እምቢ ባዮችን ሲጨምር 643። ይህን ቁጥር ስታዩ ከደነገጣችሁ በጊዜ መደንገጣችሁ መልካም ነው፤ ፕሮፖዛሉ ላይ እንጂ መስክ ላይ አይደለምና።

የሰው ጉልበቱን እንዲህ አስሉት። አንድ ቅጽ ፊት ለፊት ሲሞላ 25 ደቂቃ ከፈጀ፣ ቤት መፈለጉና መመለሱ ተጨምሮ አንድ ዳታ ሰብሳቢ በቀን ከ10 በላይ በጥራት አይሠራም። አራት ሰዎች 428ቱን ለመጨረስ 11 ቀን ያስፈልጋቸዋል። በቀን 25 ቅጽ ያመጣ ዳታ ሰብሳቢ ካያችሁ ከመደሰታችሁ በፊት ከቅጾቹ አምስቱን መርጣችሁ መላሾቹን ራሳችሁ ጎብኙ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ለድባቴ በብዛት የሚወሰደው መሣሪያ ፒኤችኪው-9 ነው፦ ዘጠኝ ጥያቄ፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3፣ ድምሩ ከ0 እስከ 27፣ የሚጠይቀው ስላለፉት ሁለት ሳምንታት። ኤስአርኪው-20 ደግሞ ስላለፉት 30 ቀናት ሃያ ጥያቄ አለው፣ መልሱ «አዎ» ወይም «አይደለም» ነው። ኤስአርኪው-20 ትምህርት ቤት ገብተው ላልተማሩ ሰዎች ይቀላል፤ «በጭራሽ፣ ጥቂት ቀናት፣ ከግማሽ በላይ ቀናት፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል» የሚለው የፒኤችኪው መሰላል ቃል በቃል ሲነበብ ብዙ ሰው ያደናግራል። ግን ኤስአርኪው-20 የሚለካው የተለመዱ የአእምሮ ጤና ችግሮችን በጥቅል ነው፤ «ድባቴ» ብላችሁ ርዕስ ከሰጣችሁ በኋላ በእሱ መለካት አይሆንም።

ነጥብ መቁረጫው ላይ፣ ማለትም ከየትኛው ድምር ጀምሮ «ድባቴ አለ» እንደሚባል፣ ተጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው በአዲስ አበባ ሆስፒታል ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ የተደረገ የፒኤችኪው-9 ማረጋገጫ፣ መቁረጫው 10 ሲሆን፣ የታመሙትን የማግኘት አቅሙን 86 በመቶ፣ ያልታመሙትን የመለየት አቅሙን 67 በመቶ አድርጎታል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር እንየው። 400 ሰው ጠየቃችሁ እንበል፤ ከእነሱ በእውነት ድባቴ ያለባቸው 40 ናቸው። መሣሪያው ከ40ው 34ቱን ያገኛል። ካልታመሙት 360 ውስጥ ግን 119ኙን «ታመዋል» ይላል። ድምሩ 153፣ ማለትም 38 በመቶ። እውነቱ 10 በመቶ ሆኖ ሳለ የመመረቂያ ጽሑፉ «የድባቴ ስርጭት 38 በመቶ» ብሎ ይወጣል ማለት ነው። ስለዚህ «ስርጭት» የሚለውን ቃል ተዉትና «በመለያ መሣሪያው 10 እና ከዚያ በላይ ያገኙ» በሉ። በገጠር ጤና ጣቢያ ተገልጋዮች ላይ የተደረገ ሥራ ደግሞ የተሻለው መቁረጫ 5 ገደማ ሆኖ አግኝቶታል፤ ለከተማ ሆስፒታል የተፈተነን ቁጥር ወደ ገጠር ቀበሌ አውርዶ መጠቀም ያለ ምክንያት አይደገፍም።

ቋንቋው ሌላ ፈተና ነው። «ድብርት» በጥናት ቋንቋ እንደ «ድባቴ» ሕመም ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን «ደበረኝ» የሚለው ሥራ ሲፈታም ነው። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ድብርት ተሰምቶሃል?» ብላችሁ ብትጠይቁ የሰንበት ከሰዓት ስልቸታን ትቆጥራላችሁ። በሌላ በኩል በእውነት የታመመ ሰው ቃሉን ሳይጠቀም «ሐሳብ ያዘኝ»፣ «ሰውነቴን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤን ይከብደኛል» ሊል ይችላል። በዚህ ላይ ከዘጠኙ የፒኤችኪው ጥያቄዎች ሦስቱ ሁለት ተቃራኒ ነገር በአንድ ይዘዋል፦ እንቅልፍ ማጣት ወይም መብዛት፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ ወይም መጨመር፣ መንቀራፈፍ ወይም መቁነጥነጥ። ዳታ ሰብሳቢው ትንፋሽ ሳይወስድ ካነበበው ሰው የሚመልሰው የሰማውን ግማሽ ነው። በየመካከሉ ቆም ብሎ ማንበብን በሥልጠናው ላይ አስለምዱት።

ጾም ደግሞ አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረመዳንም አንድ ወር። በእነዚህ ጊዜያት የምግብ ፍላጎት፣ የእንቅልፍና የድካም ጥያቄዎች ነጥብ ይሰበስባሉ፤ ሦስቱ ብቻ እስከ 9 ሊደርሱ ይችላሉ። መስኩን ከጾሙ ውጭ አድርጉት፤ ካልሆነም እየጾመ እንደሆነ የሚጠይቅ አንድ መስመር ጨምሩ።

ሐዋሳ ላይ አማርኛ ቅጽ ብቻ ይዞ መውጣት አይበቃም። ከተማው ውስጥ አማርኛ ይሠራል፤ ግን ሐዘኑን በሲዳምኛ ወይም በወላይትኛ የሚናገር ሰው በአማርኛ ሲጠየቅ የሚሰጠው አጭሩን መልስ ነው። የሲዳምኛው ቅጽ በላቲን ፊደል ይዘጋጅ፣ አንድ ሰው ይተርጉመው፣ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ መነሻው ቋንቋ ይመልሰው። ከዚያ ከስምንት እስከ አሥር ለሚሆኑ ሰዎች አንብቡና «ይህ ጥያቄ ምን ማለት መሰለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ከየትኛውም የቅድመ ሙከራ ቁጥር የበለጠ ይጠቅማል። አማርኛው ላይም ቢሆን «አንተ/ቺ» የሚለውን ቅጽ ለአዛውንት አንብቦ መጀመር በር ያዘጋል፤ ለተማሪ አንድ ቅጂ፣ ለቤት ለቤት ጥናት «እርስዎ» የሚል ሌላ ቅጂ አዘጋጁ።

ዘጠነኛው የፒኤችኪው ጥያቄ ስለ ሞት ሐሳብና ራስን ስለ መጉዳት ነው። እዚህ ላይ ከ0 በላይ የመለሰን ሰው ድምሩን ደምራችሁ ብቻ አትለፉ። መስክ ከመውጣታችሁ በፊት ሪፈር የሚቀበል ክሊኒክና ባለሙያ፣ ቅዳሜና እሑድ ማን ተረኛ እንደሆነ፣ የባጃጅ ወጪው ከየት እንደሚወጣ በጽሑፍ ይኑራችሁ። ዳታ ሰብሳቢው ቀጥሎ «አሁን ራስህን ለመጉዳት ያሰብከው ነገር አለ? መንገዱንስ አስበሃል?» ብሎ ይጠይቅ፤ እቅድ ካለ ሰውየውን ብቻውን አይተወው፣ በዚያው ቀን ባለሙያ ዘንድ ያድርሰው። ይህን ማዘጋጀት የማይችል ተማሪ ጥያቄውን ቆርጦ ማውጣት ሳይሆን ሌላ ዘዴ መምረጥ አለበት፤ ሰው ላይ ቁስል ገልጦ መሄድ ጥናት አይደለምና።

ካርድ

ጊዜ ላጠረው ተማሪ ካርድ ያጓጓል፤ ማንንም አያስቸግርም፣ እምቢ የሚል የለም። ችግሩ ካርዱ የተጻፈው ለእናንተ ጥናት ሳይሆን በዚያ ቀን በሽተኛውን ለማከም መሆኑ ነው። ገቢ፣ የትምህርት ደረጃ፣ ጫት መቃም፣ ቤተሰብ ውስጥ ተመሳሳይ ሕመም መኖሩ፣ ሁሉም እንደ ሐኪሙ ትጋትና እንደ ወረፋው ርዝመት ይጻፋል ወይም ይታለፋል። «አልተጻፈም» ደግሞ «የለም» ማለት አይደለም፤ ይህን ያደባለቀ ሠንጠረዥ ዲፌንስ ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ ፕሮፖዛሉን ከመጨረሳችሁ በፊት፣ ፈቃድ አግኝታችሁ፣ 30 ካርድ አስወጡ። ለእያንዳንዱ ተለዋዋጭ ከ30ው በስንቱ እንደተጻፈ ቁጠሩ። ከ24 በታች የተገኘበትን ከዓላማችሁ አውጡት። ቅደም ተከተሉ ደግሞ ከተመላላሽ ክፍሉ መዝገብ ይጀምራል፦ የካርድ ቁጥሮቹን ዘርዝሩ፣ በዕጣ ምረጡ፣ ከዚያ ወደ ካርድ ክፍል ውረዱ። መጀመሪያ ካርድ ክፍል ገብቶ እጅ የደረሰበትን ማንሳት በቅርብ ጊዜ የመጡትን ብቻ ይሰጣችኋል፤ ያቋረጡት ሰዎች ካርድ ወደ ጥጉ መደርደሪያ ሄዷል።

ቀኑን ሁለት ጊዜ ተመልከቱ። በአንድ ካርድ ላይ አንዱ ሐኪም በኢትዮጵያ፣ ሌላው በአውሮፓ አቆጣጠር ይጽፋል። ሳታስተውሉ ካስገባችሁት የአንድ ወር ክትትል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ይሆናል። የመረጃ ቅጹ ላይ «የቀኑ አቆጣጠር» የሚል ሳጥን ጨምሩ፤ ለውጡን በኋላ በአንድ ሰው እጅ አስደርጉ።

ሕክምናን በቋንቋ፣ በታሪክና በባህል ዓይን በሚያየው በሜዲካል ሂውማኒቲስ በኩል ግን ካርዱ ራሱ ጽሑፍ ነው፤ ይህን የሚያይ ተማሪ ጥቂት ነው። በሽተኛው በአማርኛ ወይም በሲዳምኛ የተናገረው በእንግሊዝኛ ሁለት መስመር ሆኖ ይገባል። «ልቤ ላይ ድንጋይ ተቀምጧል» ያለ ሰው ካርዱ ላይ «የደረት ሕመም» ሆኖ ወደ ራጅ ሊላክ ይችላል። ሃምሳ ካርድ ወስዶ የመጀመሪያው ቀን አቤቱታ በማን አንደበት እንደተጻፈ፣ በሽተኛው ነው፣ አስታማሚው ነው ወይስ ሐኪሙ፣ ብቻ መመርመር የተሟላ ጥናት ነው። ለዚህም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከካርዱ ፎቶ ማንሳት ግን በምንም ዘዴ አይፈቀድ። ስም፣ ቀበሌና ስልክ ሳይጨምር ወደ ቅጽ ይገልበጥ።

ቃለ መጠይቅ

ለአንድ ተማሪ፣ ለአንድ ሴሚስተር፣ ለአእምሮ ጤና ርዕስ፣ ምርጫው ለእኛ ቢተው የምንመርጠው ይህንን ነው። በደንብ የተሠራ የ14 ሰው ቃለ መጠይቅ በችኮላ ከተሞላ 428 ቅጽ የበለጠ ለሐዋሳ ሐኪም ይጠቅመዋል፤ ሐኪሙ ከፊቱ የሚቀመጠው ሰው የሚለው ቃል የሚገኘው እዚያ ነውና።

ቀላል ነው ብሎ የሚመርጠው ግን ይሳሳታል። 14 ሰው በአማካይ 50 ደቂቃ ቢናገር 12 ሰዓት ገደማ ድምፅ ነው። አንድ ሰዓት ድምፅ ቃል በቃል በአማርኛ ለመጻፍ ለለመደ ሰው ስድስት ሰዓት ቢፈጅ ድምሩ 70 ሰዓት፤ በቀን አራት ሰዓት ብትሠሩ 18 ቀን። ወደ እንግሊዝኛ ከተረጎማችሁት ሌላ ያህል ጨምሩ። በእኛ እምነት ትንተናውን በአማርኛው ላይ ሥሩ፤ ለጽሑፉ የምትጠቅሷቸውን ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ተርጉሙ። ኮድ ለማድረግ፣ ማለትም የተነገረውን በሐሳብ ከፋፍሎ ስም ለመስጠት፣ ኦፕን ኮድ የሚባለው የኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ነፃ ሶፍትዌር ይበቃል፤ በደብተርና በባለቀለም እስክሪብቶም የተሠሩ መልካም ጥናቶች አሉ።

ጥያቄ ለማዘጋጀት መነሻ ካስፈለጋችሁ ሐኪምና አንትሮፖሎጂስት የሆነው አርተር ክላይንማን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣቸው ጥያቄዎች አሁንም ይሠራሉ፦ ችግሩን ምን ብለው ይጠሩታል? ምን ያመጣው ይመስልዎታል? ለምን ያኔ ጀመረ? ምን እያደረገዎት ነው? ከሁሉ የሚያስፈራዎት ምኑ ነው? በአማርኛ እንዲህ አጥርታችሁ ስትጠይቁ ሰው ይናገራል። «ለምን ሆስፒታል ቶሎ አልመጡም?» ብላችሁ ግን አትጠይቁ፤ ወቀሳ ነው፣ መልሱም ይቅርታ መጠየቅ ይሆናል። «መጀመሪያ ማንን አማከሩ? ከዚያስ?» ብላችሁ መንገዱን ተከተሉ። ዛር፣ ቡዳ፣ ጂን፣ መተት የሚሉትን ቃላት እናንተ አስቀድማችሁ አታምጧቸው፤ እነሱ ካነሱ ግን ፊታችሁ ሳይለወጥ «ስለ እሱ ይንገሩኝ» በሉ።

ጸበል ቦታ ወይም የጸሎት ቤት የምትሠሩ ከሆነ የሆስፒታሉ ደብዳቤ ብቻ አያስገባም፤ የደብሩን ጽሕፈት ቤት ወይም የቤተ ክርስቲያኑን መሪዎች አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ጸበል የሚጠመቅ ሰው በጠዋት ሳይበላ ነው የሚመጣው፤ ከጥምቀቱ በፊት ለ50 ደቂቃ አታቁሙት። ታስሮ ወይም ተገዶ የመጣ ሰው «እሺ» ማለቱ ፈቃድ አይባልም። እሱን ትታችሁ፣ ከፈቀደ፣ አስታማሚውን ስለ ራሱ ስለ አስታማሚው ልምድ ጠይቁ።

አስተርጓሚ ስትይዙ ከዚያው ቀበሌ ያልሆነ ይሁን። ጎረቤቱ ፊት ስለ ልጁ ሕመም የሚናገር ሰው የለም። ድምፁን ደግሞ በቴሌግራም ለጻፊ መላክ ተለምዷል፤ ተዉት። ፋይሉ በስንት ስልክ ላይ እንደሚቀር አታውቁም። በፍላሽ፣ በይለፍ ቃል ቆልፋችሁ፣ እጅ በእጅ ስጡ፤ ስልካችሁም ቅጂውን በራሱ ወደ ኢንተርኔት እንዳይጭን አስቀድማችሁ አጥፉት።

የቡድን ውይይት

ከስድስት እስከ አሥር ሰው፣ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ተኩል፣ አንድ አወያይና አንድ ማስታወሻ ያዥ። ስለ «ሰው ምን ይላል» ጥሩ ነው፣ ስለ «እኔ ምን ሆንኩ» መጥፎ። በቡድን ውስጥ የተነገረ ምስጢር በእናንተ እጅ ብቻ አይደለም፤ ስለዚህ የታመሙ ሰዎችን በቡድን ስለ ሕመማቸው አትጠይቁ። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች ጋር ከሆነ ተቆጣጣሪና ሠራተኛን አታቀላቅሉ፣ የፈረቃ ለውጥ ሰዓት ላይም አትጥሩ፤ የደከመ ሰው ዝም ይላል ወይም ያለፈውን ይደግማል።

ሥነ ቃልና ጽሑፍ

ይህን መንገድ የጤና ሳይንስ ተማሪዎች ይንቁታል፣ የቋንቋና የፎክሎር ተማሪዎች ደግሞ ሕክምናውን ይፈሩታል። እውነቱን ለመናገር ሁለቱ ተጣምረው ቢሠሩበት በዚህ ከተማ ያልተነካ ሀብት አለ፦ ሙሾ፣ እንጉርጉሮ፣ ስለ እብደት የሚነገሩ ተረትና ምሳሌዎች፣ የሬዲዮ የጤና ፕሮግራሞች፣ በጋዜጣ ስለ አእምሮ ሕመም የተጻፉ ዜናዎች። ሲዳማ ለሐዘንና ለዕርቅ የራሱ ሥርዓትና ቃል አለው፤ የዘመን መለወጫው ፊቼ ጫምበላላ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ከይዘቱ አንዱ ቂም ፈትቶ መታረቅ ነው።

አስቸጋሪው ወሰን ማበጀቱ ነው። «ምሳሌያዊ አነጋገር ስለ እብደት» ብሎ መጀመር ማለቂያ የለውም። በቁጥር ወስኑ፦ ከታተሙ ስብስቦች ብቻ፣ «እብድ» እና «አበደ» ከሚሉት ቃላት የሚነሱ፣ ወይም ከአንድ ጋዜጣ የሁለት ዓመት እትሞች። ለእያንዳንዱ ጽሑፍ አራት ነገር መዝግቡ፦ የተባለው ምንድን ነው፣ ማን ለማን ይለዋል፣ መቼ ይባላል፣ ሲባል ምን ያደርጋል። የመጨረሻው ከሌለ ሥራው የጥቅስ ክምችት ይሆናል። ለቅሶ ቤት ሙሾ መቅዳት ግን እንደ ታተመ ጽሑፍ አይደለም፤ ሐዘንተኛው በዚያ ሰዓት ፈቃድ ለመስጠት አይችልም። ከአርባው በኋላ ሄዳችሁ አልቃሿን ጠይቋት፣ ለጥናቱ ብላ ታዜምላችሁ።

ፈቃድና ጊዜ

ሁለት ዘዴ ማጣመር ያምራል፤ ለማስተርስ ተማሪ የምንመክረው ግን አንዱ ዋና፣ ሌላው ትንሽ ሆኖ ሲሠራ ብቻ ነው። ለምሳሌ ስምንት ቃለ መጠይቅ አስቀድሞ ሠርቶ፣ ሰው የተናገራቸውን ቃላት ወደ መጠይቁ ማስገባት። ሁለቱንም እኩል ለመሥራት የተነሳ ሁለት ግማሽ ሥራ ያስረክባል።

የሥነ ምግባር ኮሚቴው መቼ እንደሚሰበሰብ ከፕሮፖዛሉ መጀመሪያ ላይ ጠይቁ፤ ዳታ መሰብሰብ የሚጀመረው ደብዳቤው ከወጣ በኋላ እንጂ «ይወጣል» ተብሎ አይደለም። ዕድሜያቸው ከ18 በታች ከሆነ የወላጅ ፈቃድና የልጁ የራሱ እሺታ፣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። የትብብር ደብዳቤ ሲጻፍ ደግሞ የቦታውን መግለጫ ከድሮ ጽሑፍ አትገልብጡ። ሲዳማ ክልል የሆነው በሰኔ 2012 ዓ.ም. ነው፤ «ሐዋሳ፣ የደቡብ ክልል ዋና ከተማ» የሚል ደብዳቤ ይዞ የሲዳማ ጤና ቢሮ የሄደ ተማሪ ደብዳቤውን አስተካክሎ እንዲመጣ ይመለሳል፣ አንድ ሳምንትም ይበላዋል።

አራት ወር ብቻ ካላችሁና ብቻችሁን ከሆናችሁ ከ12 እስከ 14 ቃለ መጠይቅ ወይም የታተመ ሥነ ቃል ውሰዱ። ዳታ ሰብሳቢ የምትከፍሉበት ገንዘብና ሪፈር የሚቀበል ክሊኒክ ካላችሁ መጠይቁ ይቻላል። የሆስፒታሉ ሠራተኛ ሆናችሁ ካርድ ክፍሉን የምታውቁት ከሆነ ካርድ ይሻላል፤ ግን ራሳችሁ ያከማችኋቸውን በሽተኞች ካርድ ሌላ ሰው ያንብብላችሁ፣ እናንተ ያልጻፋችሁትን ከትዝታችሁ ትሞሉታላችሁና።